በቀይ የሰረዝኩት መስመር

አባቴ ደብረ ማርቆስ ፍርድ ቤት በር ላይ ማመልከቻ ጸሐፊ ነበር። አሁን ዐይኑ ደክሞ ቤት ውሏል። ጠረጴዛው አንድ እግሩ ስለሚያጥር ከሥሩ ጠፍጣፋ ድንጋይ ይደረግለት ነበር። ሰው መጥቶ ሲያለቅስበት፣ ሲምልበት፣ ባላጋራውን ሲረግምበት ዝም ብሎ ይሰማና ያን ሁሉ በአንድ ገጽ ያሳድረዋል። «ጽሑፍ ደጅ ሲገባ ጫማውን ያወልቃል» ይለኝ ነበር። ቤተ ክርስቲያን ስንገባ እንደምናደርገው ማለቱ ነው። እኔ አድጌ የጽሕፈት መምህርት ሆንኩ፤ ሐዋሳ ከገባሁም ሰባት ዓመት ሆነኝ። ያቺን የአባቴን ቃል ግን ከአገሬ ይዤው ከመጣሁት ነጠላ ጋር አጣጥፌ፣ ሳላቆሽሽ አስቀምጫት ኖሬያለሁ። ባለፈው ዐቢይ ጾም በዚችው ቃል የተነሣ አንዲት ሴት የእንጀራ ቦታዋን ልታጣ ነበር።

የማስተምረው ሥራ እየሠሩ የሚማሩ የሕግ ተማሪዎችን ነው። ትምህርቱ ቅዳሜ ነው፤ እሑድን ለምኜ ለቅዳሴዬ አስቀርቻለሁ። ተማሪዎቼ ሳምንቱን ሙሉ ቢሮ፣ ሱቅ፣ ጤና ጣቢያ ውለው የሚመጡ ስለሆኑ ከሰዓት በኋላ ዐይናቸው ይከደናል። በዚያ ሰሞን የትምህርት ክፍላችን ኃላፊ ከአንድ ሥልጠና ተመልሶ ሰበሰበንና፣ ከእንግዲህ የምናስተምረው ችግርን መነሻ አድርገን ነው አለን። ተማሪው አንድ እውነተኛ ችግር ይይዛል፤ ችግሩን ለመፍታት ሲል ይጠይቃል፣ ያነባል፣ ይጽፋል። መምህሩ መንገድ ያሳያል እንጂ አይግትም።

ከጎኔ የተቀመጠ ባልደረባዬ፣ «በችግር ከሆነማ እኛ ገና ድሮ ተመርቀናል» ብሎ አሳቀን።

እኔ ግን ከሳቁ በኋላ ጭንቅ ያዘኝ። ዕቅድ የምወድ ሰው ነኝ። የምድጃውን ጋዝ ሁለቴ ሳላይ ከቤት አልወጣም። ደብተሬ ላይ የየሳምንቱ ትምህርት በመስመር ተከፍሎ ሰፍሯል፤ ችግር ደግሞ በመስመር አይመጣም። ጸልዬ አደርኩና ቅዳሜ ክፍል ገብቼ አንድ ደንብ ብቻ አወጣሁ፦ «በእግራችሁ ሄዳችሁ የምትደርሱበት ችግር አምጡ። በማመልከቻ የሚፈታ ይሁን።»

መጀመሪያ እጁን ያወጣው ሁላችንም ጋሼ የምንለው ተማሪ ነው። ጡረታ የወጣ የአንደኛ ደረጃ አስተማሪ ሲሆን ዕድሜው ከስልሳ ያልፋል። ትንሿን የሕገ መንግሥት መጽሐፍ በላስቲክ ጠቅልሎ በኮቱ የደረት ኪስ ይዟት ይዞራል። ለማንኛውም ነገር አንቀጽ አያጣም። አንድ ቀን መስኮት ይከፈት አይከፈት ተብሎ ክርክር ሲነሣ፣ «ንጹሕ አየር፣ አንቀጽ አርባ አራት!» ብሎ ሄዶ ከፍቶታል።

«የእኔ ችግር» አለ ጋሼ፣ «ሕገ መንግሥትን የመተርጎም ሥልጣን ለፍርድ ቤት ሳይሆን ለፌዴሬሽን ምክር ቤት መሰጠቱ ነው።»

«ጋሼ፣ በእግር የሚደረስበት ነው ያልኩት እኮ።»

«መምህርት፣ ጉልበት ላለው አዲስ አበባም በእግር ይደረሳል!»

ሳቁ ሲበርድ አንዲት ተማሪ ከኋላ ወንበር ቀስ ብላ ተናገረች። ጤና ጣቢያ ካርድ ክፍል የምትሠራ፣ ታቦር በኩል ጎረቤቴ የሆነች የሲዳማ ልጅ ናት። ያለ ጥሪ ስትናገር ያን ቀን የመጀመሪያዋ ነበር።

«እኔ አክስት አለችኝ፤ አሞራ ገደል ዓሣ ትጠብሳለች።»

ነገሩን አስረዳችን። ሐይቁ ዳር የሚጠብሱት ሴቶች ወደ አዲስ የተሠሩ መደቦች ሊዛወሩ ነው። መደቡ የሚታደለው በዕጣ ሲሆን፣ የዕጣው ቀን ከመጪው ሐሙስ ቀጥሎ ያለው ሐሙስ ነው። ዕጣ የሚያወጣው በመዝገብ ስሙ ያለ ሰው ነው። የአክስትየው ቦታ የተመዘገበው ደግሞ በባሏ ስም ነው፤ በጊዜው መዝጋቢው የቤቱ አባወራ ማነው ብሎ ጠይቆ የሰማውን ጻፈ። ባልየው ሥራ ፍለጋ ብሎ ከሄደ አራት ዓመት አልፎታል። ራሱ ይምጣ ወይም ውክልና ይላክ ተብላለች። በሐሙሱ ዕጣ ካልገባች ቦታ የላትም።

«ውክልናውን እንዲልክ ባልየው ይፈለግ እንጂ» አለ አንዱ።

«ባልየው ከተገኘማ» አለች የካርድ ክፍሏ ልጅ፣ «ሌላ ዓይነት ማመልከቻ ነው የምንጽፈው።»

ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። ችግራችንን አገኘን።

በማግስቱ ከቅዳሴ በኋላ ከልጅቷና ከጋሼ ጋር አሞራ ገደል ወረድን። ጀልባዎቹ ገብተው ነበር። አባ ኮዳ የሚባሉት ትልልቅ ወፎች ራሰ በራቸውን አቀርቅረው፣ የዓሣ አንጀት የሚጥልላቸውን ሰው እንደ ችሎት ባለጉዳይ ተሰልፈው ይጠብቃሉ። አክስትየው ሰፊ ድስት ላይ ጎንበስ ብላ ቆሮሶ ዓሣ ትገለብጣለች። አማርኛዋ ቁርጥ ቁርጥ ያለ ነው፤ ሲያጥራት በሲዳምኛ ትጨርሰዋለች፣ የእህቷ ልጅም ትተረጉምልናለች።

«ቲቸር፣ ቁጭ በይ። አንድ ላውጣልሽ?»

«ጾም ነኝ፣ እህቴ።»

«ዓሣ ጾም ነው እኮ! ይሄ ከተማ በጾም የሚበላው የማንን ነው? የኔን ነው!»

«ከተማው ይብላ። እኔ ይቅርብኝ።»

«እኛ ቤተ ክርስቲያን እንዲህ አናደርግም። ስንጾም ውኃም የለም፤ ስንበላ ደግሞ ሁሉም አለ።» ማንኪያዋን ወደ እኔ ቀሰረች። «ለፋሲካ ትመጫለሽ?»

«እዚህ ካገኘሁሽ እመጣለሁ» አልኩ ሳላስበው። ወዲያው ምላሴን ነከስኩ። እሷም ፈገግታዋን ወደ ድስቱ መለሰችው።

ልጅቷ ደብተሯን ከፍታ ምን እንዲጻፍላት እንደምትፈልግ ጠየቀቻት። አክስትየው እጇን በሽርጧ ጠርጋ ቀና አለች። የተናገረችውን ልጅቷ በአማርኛ እየመለሰች እንዲህ ጻፈችው፦

«ዓሣውን ከጀልባ የምቀበለው እኔ፣ ቅርፊቱን የምፍቀው እኔ፣ የምጠብሰው እኔ። እሱ ስሙን ትቶ ሄደ። ስም ዓሣ አይጠብስም። ዕጣውን በእጄ ላውጣ። መጥፎ ቦታ ቢደርሰኝም የኔ መጥፎ ነው።»

በቀጣዩ ቅዳሜ ተማሪዎቼ እንደዚያ ሲሠሩ አይቻቸው አላውቅም። አንድም ዐይን አልተከደነም። ጋሼ መጽሐፏን ከላስቲኳ አውጥቶ እንደ ወንጌል ዘረጋት። የእኩልነት መብት፣ የሴቶች መብት፣ አቤቱታ የማቅረብ መብት፣ የመንግሥት አሠራር ግልጽነት እያለ ዐሥራ አንድ አንቀጽ ሰበሰበ። ከዚያ አልፎ ሴቶቹ ሁሉ ከሐይቁ ዳር መነሣታቸው ራሱ ሲፈተሽ ትክክል ነው ወይ የሚል ክርክር ከፈተ፤ ክፍሉም ተከተለው። ሦስት ገጽ ወጣው። የአክስትየውን ቃል ልጅቷ በደብተሯ እንዳለ ገልብጣ መጨረሻ ላይ አስገባችው።

ለእርማት ቤቴ ወሰድኩት። ደስ ብሎኝ ነበር፣ አልዋሽም። ነጠብጣቡን፣ ሰረዙን፣ የአንቀጹን አሰካክ እያየሁ ቀይ እስክሪብቶዬን ይዤ ወረድኩ። ያቺ መጨረሻ ላይ ያለችው አንቀጽ ጋ ስደርስ ሳቅ አመለጠኝ። ስም ዓሣ አይጠብስም! ለመሥሪያ ቤት የሚሄድ ጽሑፍ እንዲህ ይላል? ከነጫማዋ ቤተ መቅደስ የገባች መሰለኝ። ከላይ እስከ ታች ሰረዝኳትና ኅዳጉ ላይ «የንግግር ቋንቋ ነው፤ ለማመልከቻ አይመጥንም» ብዬ ጻፍኩ። በእሷ ፋንታ በራሴ እጅ ይህን አስገባሁ፦ «ከላይ በዝርዝር የተገለጸው ታይቶ፣ የጾታ እኩልነትን መሠረት ያደረገ ተገቢው ውሳኔ እንዲሰጥልኝ በታላቅ ትሕትና አመለክታለሁ።» ሦስቴ አነበብኩት። አባቴ ቢያየው ብዬ ተመኘሁ።

ሰኞ ጠዋት አራት ሆነን ጉዳዩን ወደሚያየው ቢሮ ሄድን፦ አክስትየው፣ ልጅቷ፣ ጋሼና እኔ። ማመልከቻውን የተቀበለን ሠራተኛ ወጣት ነው፤ ወንበር ሰጥቶን ሦስቱንም ገጽ ሳይዘል አነበበ። ከዚያ ወደ መጀመሪያው ገጽ ተመልሶ ግንባሩን አሸት አደረገ።

«ይቅርታ፣ ይሄ ክስ ነው ጥያቄ? ዝውውሩ ይቁም ነው የምትሉት? ዕጣው ይቅር ነው? ወይስ እሷ ዕጣው ውስጥ ትግባ ነው?»

አክስትየው የእህቷን ልጅ ክንድ ነካች፤ ልጅቷ ተረጎመችላት። ሴትየዋ እኛን አንድ በአንድ እያየች፣ በአማርኛ፣ «ዕጣው ይቅር ያለ ማነው?» አለች።

ጋሼ እጁን ወደ ደረት ኪሱ ሰደደ። «እንግዲህ በአንቀጽ ዘጠኝ መሠረት የሕገ መንግሥቱ የበላይነት...»

«አባቴ» አለ ሠራተኛው በአክብሮት፣ «አንቀጹን አውቀዋለሁ። ጥያቄውን ነው ያላወቅኩት። ዕጣው ሐሙስ ነው፤ አስተካክላችሁ እስከ ረቡዕ ጠዋት ካመጣችሁ ለኃላፊዬ አቀርበዋለሁ። ከዚያ በኋላ ግን መዝገቡ ይዘጋል።»

ስንወጣ በር ላይ ጋሼ፣ «ጥያቄው እኮ ነበረ፤ መጨረሻ ላይ አስገብተነው ነበር። የት ሄደ?» አለ። ልጅቷ መልሱን ታውቅ ነበር፤ መምህሯ ነኝና ወደ መሬት አየች። እኔም አልተናገርኩም። ለዚህ ዝምታዬ ኋላ ንስሐ ገብቼበታለሁ።

ማታ እንደ ልማዴ አባቴ ጋ ደወልኩ። ስለ ጾሙ፣ ስለ ጤናው ከተነጋገርን በኋላ የሆነውን ነገርኩት፤ የጻፍኳትንም ዓረፍተ ነገር አነበብኩለት። እንዲያዝንልኝ ነበር የፈለግሁት።

«ጥሩ ነው። ሴትዮዋ ግን ምን ፈልጋ ነው?» አለኝ።

«ዕጣውን በእጇ ማውጣት።»

«የቱ ላይ ነው እሱ?»

«ሰርዤዋለሁ፣ አባዬ። የንግግር ነበር። አንተ ራስህ አይደለህ፣ ጽሑፍ ደጅ ሲገባ ጫማውን ያወልቃል የምትለኝ?»

ከወዲያ በኩል ሳሉን ጨርሶ እስኪመለስ ጠበቅሁት።

«ጫማውን ያወልቃል አልኩሽ እንጂ፣ እግሩን ቁረጪው አልኩሽ?»

እኔም ሳቅሁ፣ እሱም ሳቀ። ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ግን ተነሥቼ ለጸሎት ስቆም አባቴ ለዚያ ሁሉ ዓመት እዚያ ጠረጴዛ ላይ ምን ይሠራ እንደነበረ የገባኝ መሰለኝ። ልቅሶውንም ስድቡንም ይተዋል፤ የመጣበትን አንዷን ነገር ግን በሰውየው አፍ እንዳለች ይጽፋታል። እኔ ልጁ ያየሁት ሲተው ብቻ ነው።

ማክሰኞ ከሥራ በኋላ እንደገና አሞራ ገደል ተሰበሰብን። የዓሣ ሣጥን ገልብጠን ተቀመጥን። መጀመሪያ የካርድ ክፍሏን ልጅ በሁሉም ፊት ይቅርታ ጠየቅኋት። «የሰረዝኩት እኔ ነኝ፤ አንቺ ትክክል ነበርሽ» አልኳት። ሐፍረቷ ከኔ ባሰና ነጠላዋን አፏ ላይ አደረገች።

አክስትየው ግን እንደ ጨዋታ ያዘችው። «ቲቸርም ትሳሳታለች?»

«በቀይ ነው የምትሳሳተው» አለ ጋሼ።

ከዚያ ሴትየዋ የራሷን ደንብ አወጣች፦ እኔ የምሰማው ይጻፍ። ማለቷ፣ በሲዳምኛ ይጻፍና ይነበብልኝ፣ ሳልሰማው ጣቴን አላደርግበትም ነው። ጋሼ ወዲያው የቋንቋዎችን እኩልነት አንቀጽ ጠቀሰ፤ ዝም አሰኘነው። ልጅቷ ወረቀቱን ጉልበቷ ላይ አድርጋ ጻፈች። እኔ ከጎኗ ተቀምጫለሁ፤ ቀይ እስክሪብቶዬ ቦርሳዬ ውስጥ ነው። ሰባት ዓመት ኖሬበት ያልተማርኩት ቋንቋ ነውና አንድም ፊደል ማረም አልችልም። የምችለው መጠየቅ ብቻ ነበር። «አሁን ማን እንደሆነች ተናገርሽ? አሁን የጎደላትን? አሁን የምትፈልገውን?» ልጅቷም እየጻፈች ራሷን ትነቀንቅልኛለች። መምህር መንገድ ያሳያል እንጂ አይግትም ያሉን ይህን ከሆነ፣ እግዜር ያሳየኝ በግድ ነው።

የጋሼን አንቀጾች ማስቀረት ግን ቀላል አልነበረም። ዐሥሩን አንድ በአንድ፣ መንገደኛ እንደሚሸኝ ሰው እየተሰናበተ ለቀቃቸው። የመጨረሻዋን፣ የሴቶችን መብት የምትደነግገውን ሠላሳ አምስትን፣ አልለቅም አለ።

«ጋሼ፣ ግማሽ ገጽ ነው እኮ። ጥያቄዋ ራሱ ይበቃል» አልኩት።

«አይበቃም፣ መምህርት። ትናንት ቢሮ ያገኘነው ልጅ ደግ ነው። ነገ በወንበሩ ሌላ ሰው ይቀመጥበታል። ይቺ ካልገባች ማመልከቻው ልመና ነው፤ ደግ ሰው ሲገኝ የሚፈጸም። ይቺ ከገባች ግን ሴትዮዋ የራሷን ንብረት በራሷ ስም መያዟ ውለታ አይደለም። ልትጠይቅ እንጂ ልትለምን አልመጣችም።»

ስንቀልድበት የኖርነው ሰው ነው፤ ያን ቀን ግን ከሁላችን በላይ ያወቀው እሱ ነበር። አንቀጽ ሠላሳ አምስት በአንዲት አጭር ዓረፍተ ነገር ገባች።

ልጅቷ ጮክ ብላ አነበበችው። ጎን ለጎን የሚጠብሱት ሴቶች ማንኪያቸውን ይዘው መጥተው ከበቡን። ስለ ስምና ስለ ዓሣው ያለችው ቦታ ስትደርስ አንዲቷ ጭኗን መትታ ሳቀች፤ ከዚያ ሌላዋ። አክስትየው አልሳቀችም። እስከ መጨረሻው ሰምታ፣ «እ፣ አሁን እኔ ነኝ» አለችና አውራ ጣቷን አወጣች። ዘይት ስለነካው ሁለቴ ጠርገን ነው ያተምነው። ልጅቷ የጻፈችውን የአማርኛ ትርጉምም ከሥሩ አያያዝነው።

ረቡዕ ጠዋት ያው ወጣት ሠራተኛ ቆሞ አነበበው። መሐል ላይ ከንፈሩ ተንቀሳቀሰ።

«ይሄን ማን ጻፈው?»

«እኔ» አለች አክስትየው።

ኃላፊው ጋ ይዞት ገባ። ቆየ። ግድግዳው ላይ ያለውን ሰዓት ላለማየት አቡነ ዘበሰማያት ደገምኩ፤ ጋሼ ደግሞ የኮት ኪሱን በእጁ ሸፍኖ ተቀምጧል፤ እሱም በራሱ መንገድ እየጸለየ ይመስለኛል። ሠራተኛው ሲወጣ ወረቀቱ ኅዳግ ላይ በሰማያዊ እስክሪብቶ ተመርቶበት፣ ማኅተም አርፎበት ነበር፦ ቦታውን በተግባር የምትሠራበት እሷ መሆኗ ስለታወቀ፣ በራሷ ስም ተመዝግባ ዕጣ ታውጣ። አክስትየው ልጅቷን አስተርጉማ ሁለት ጊዜ ሰማችው።

ሐሙስም ሄድኩ። ዕጣዎቹን የሞተር ሳይክል ሄልሜት ውስጥ ጨምረዋቸዋል። ስሟ ሲጠራ ዞር ብላ ጎረቤቶቿን አየች፤ በዚያ ቦታ የራሷ ስም ሲጠራ ሰምታ አታውቅማ። ልጅቷ ገፋ አደረገቻት። እጇን እስከ ክርኗ ድረስ በሽርጧ ጠርጋ ወደ ሄልሜቱ ሰደደችና አንድ ብጣሽ ወረቀት አወጣች።

የመጨረሻው ቁጥር ደረሳት። ከመግቢያው የራቀው፣ አባ ኮዳዎቹ የሚያድሩበት ትልቅ ዛፍ ሥር ያለው። ዓሣ የሚጠብስ ሰው ለጠላቱ የማይመኘው ቦታ ነው። ሴቶቹ ከንፈራቸውን መጠጡ። እሷ ዛፉን፣ ወፎቹን፣ ከሥር በኩሳቸው የነጣውን መሬት ለረጅም ጊዜ ካየች በኋላ ወደ እኔ ዞራ፣

«መጥፎ ነው» አለች፤ ከዚያ ጥርሷ ሁሉ ታየ፤ «የኔ መጥፎ ነው!»

የፋሲካ ማክሰኞ ቃሌን ጠብቄ ሄድኩ። ከመደቡ በላይ ቆርቆሮ አስመትታ ከወፎቹ ተከልላለች። ምሰሶው ላይ ያቺ ግማሽ ገጽ ማመልከቻ በላስቲክ ተጠቅልላ ተሰቅላለች፤ ላስቲኩን የሰጣት ጋሼ መሆኑን አጠቀላለሉ ነገረኝ። ክፍል ውስጥ ማርኩ ለማን ይሰጥ የሚለው ገና አላለቀም፤ ጋሼ ይግባኝ ብሏል።

አንድ ሙሉ ቆሮሶ፣ ጎኑ ተተልትሎ፣ ከሚያቃጥለው ዳጣና ከቆጮ ጋር ፊቴ አስቀመጠችልኝ። አልተቀመጠችም። ፈተና ላይ እኔ እንደምቆመው እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ ከፊቴ ቆመች።

«በይ፣ ቲቸር» አለችኝ። «አርሚው።»

አማትቤ ጀመርኩ። ከአጥንቱ በቀር ያወጣሁለት ነገር አልነበረም።